ክር የታሰረለት ባትሪ

አስናቀችን ለማያውቃት ሰው አንድ ምክር አለኝ፤ ባትሪ ሊጠይቃት ሲሄድ ባዶ እጁን እንዳይሄድ። እኔ ከኮምቦልቻ ተመድቤ ቢቸና የመጣሁ ሰሞን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የንብረት ክፍሉን በር አንኳኩቼ ገባሁ።

«ባትሪ ፈልጌ ነበር።»

መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችና ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘችኝ። «የነበረህስ?»

«ሞተ።»

«ሬሳውስ?»

ሬሳውን ማደሪያዬ ትቼው ነበር። በዚያ ፀሐይና አቧራ በእግሬ ተመልሼ አመጣሁ። አሮጌው ሳይመጣ አዲሱ አይወጣም፤ ይህ የአስናቀች ሕግ ነው፣ ለኃላፊውም አይታጠፍም። በመንገድ ላይ በልቤ ያልኳትን ግን እዚህ አልጽፈውም።

የሥራችንን ነገር ባጭሩ ላስረዳ። የገጠር መሬት እንለካለን። ገበሬው ድንበሩ ላይ ይቆማል፣ ጎረቤቱ ከማዶ ይቆማል፣ የአገር ሽማግሌ መሃል ይቆማል፤ እኔ ደግሞ ታብሌቴን ይዤ ከማዕዘን ማዕዘን እየዞርኩ «እዚህ ነው?» እላለሁ። ሁሉም «እዚህ ነው» ሲሉ እጫናለሁ፣ ነጥቡ ይመዘገባል። ታብሌቶቹ የቆዩ ናቸው፤ ጀርባቸው ተከፍቶ የልብስ ሳሙና የሚያክል ባትሪ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ባትሪ ከሌለ እኛ ባለሙያዎች ሳንሆን በሰው እርሻ ውስጥ ሽርሽር የወጣን ሰዎች ነን። ስለዚህ የሁላችንም እንጀራ አስናቀች እጅ ላይ ነው። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች፣ ባታውቀው ደስ የሚለን ብዙ ነን።

መብራት ቢቸና ላይ ሲፈልገው ይመጣል፣ ሲፈልገው ይሄዳል። ሲመጣ አስናቀች ምሳዋንም ቢሆን ጥላ ትሮጣለች። ባትሪዎቹን ግድግዳው ሥር ደርድራ ቻርጅ ታደርጋለች፤ የሞላውን እያነሳች ወገቡ ላይ ጥቁር ክር ታስርለታለች። ከመስክ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ክሩን በአንድ ጉተታ ትፈታውና እጇ ላይ ትጠቀልለዋለች። ክር ያለው ሙሉ፣ ክር የሌለው ባዶ፤ ሌላ ምልክት የለም። «ባትሪዎቹን ሁሉ ክርስትና አነሳሻቸው እኮ!» እያልን እንስቅባታለን። እሷም «እናንተ ብትነሱ ይሻል ነበር» ትለናለች፣ እኔ ሙስሊም መሆኔን እያወቀች።

ሌላው ጉዷ ደግሞ ምርመራዋ ነው። ባትሪ ሲያረጅ ያብጣል፤ እብጠቱ መጀመሪያ ላይ ለዓይን አይታይም። አስናቀች ጠረጴዛዋ ላይ ታስተኛውና በጣቷ ታሽከረክረዋለች። ደህናው ባትሪ ሆዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወዲያው ይቆማል። ያበጠው ግን ይዞራል። ሲዞር ካየች «ጨፋሪ!» ብላ ትጮኽና በጓሮ በኩል አሸዋ ወደሞላችበት ገንቦ ትወስደዋለች፣ እሳት እንዳያስነሳ። ገንቦው ሲሞላ ወደ ደብረ ማርቆስ ይላካል፣ በምትኩ አዲስ ይጠየቃል። ጨፋሪውን ባትሪ መልሽልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ይሥራልኝ ብሎ የለመናት ባለሙያ ሁሉ አፍሮ ተመልሷል። ትዳሯ ብዙ አልቆየም ይባላል። አንድ ቀን ደፍሬ ምን ሆነው እንደተለያዩ ጠየቅኳት።

«ጨፋሪ ነበር» አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ አሉ። እሷ የወረሰችው ምላሳቸውን ነው።

ክፉ ናት እንዳትሉኝ ደግሞ። አንድ ጊዜ ሮብ ገበያ በኩል፣ ጉም መሬቱ ላይ በተኛበት ጠዋት፣ ክር የታሰረለት ባትሪ ገና ሥራ ሳልጀምር ጥርቅም አለብኝ። በስልክ ደውዬ ጮኽኩባት።

«ብብትህ ውስጥ ክተተው» አለችኝ።

የሰደበችኝ ነበር የመሰለኝ። «ምን አልሽ እትዬ?»

«ብርድ ነው የያዘው። ባትሪ ብርድ ሲያገኘው ይደነዝዛል። ብብትህ ውስጥ ክተተውና ጋቢህን ደርብበት፤ ሲሞቀው ይነሳል። ደግሞ እየጮኽክ አታብርደኝ።»

ከተትኩት። ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ብርድ አገር ስንወጣ የእኛን ቡድን አባላት ብብታቸውን ጨምቀው ሲሄዱ ያየ ሰው ሁላችንም የታመምን ይመስለዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው ዓመት ውርጭ በሚወርድበት ወቅት የሞጣ ባልደረቦቻችን መሣሪያ አጠራቸውና እኔ ከነታብሌቴ በውሰት ተላክሁ። አስናቀች ባትሪ እየቆጠረችልኝ የምሄድበትን መንደር ስም ስነግራት እጇ ቆመ። መነጽሯን አወለቀች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች።

«አንቺ ለምን?»

«ባትሪዬ ያለ ጠባቂ አይሄድም።»

እውነቱን ሚኒባስ ውስጥ ነገረችኝ። መንደሩ የተወለደችበት ነው። ሁለት ወንድሞቿ፣ ታላቁ በላቸውና ታናሹ ዘመነ፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ አይነጋገሩም። የሚያጣላቸው ከአንድ የወይራ ጉቶ አጠገብ ያለች ቀጭን መሬት ናት። በላቸው ጉቶው የኔ ነው ይላል፣ ዘመነም የኔ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በተለያየ በር ነው የሚገቡት። እናታቸው እማማ አምሳለች ደግሞ ጎጇቸው የሁለቱ ልጆቻቸው ቤት መሃል ላይ ናት፤ ጠዋት የአንዱን፣ ማታ የሌላውን ኩርፊያ ይሰማሉ። ሽማግሌዎች ደጋግመው ለምነው፣ ሁለቱም በልኬቱ ቀን ድንበሩ ላይ ለመቆም እሺ ብለዋል። ዘመነ ግን ቃሉን የሰጠው በመሐላ ነው፤ «አንድ ቀን እመጣለሁ፤ በዚያ ቀን ካላለቀ ዳግመኛ አትጥሩኝ» ብሎ።

እማማ አምሳለችን ያየኋቸው መንደሩ የደረስን ዕለት ነው። ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ጥርሳቸው ጥቂት ሳቃቸው ብዙ። ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ግን ሳቁ ቀረ።

«እኔ ሞትን አይደለም የምፈራው ልጄ» አሉኝ። «ሁለት ድንኳን ነው። ስሞት እነዚህ ሁለት ግትሮች ለየራሳቸው ድንኳን ይተክላሉ። ለቀስተኛው ታዲያ የቱ ጋ ይግባ? አንዱ ጋ ቢገባ ሌላው ያኮርፋል። ሰው በእኔ ሞት መንገድ ላይ ቆሞ ይቅር?»

እየቀለዱ መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይናቸውን አየሁና ተውኩት። አስናቀችም አጎንብሳ ከረጢቷን መነካካት ያዘች።

በመጀመሪያው ቀን የጎረቤቶቹን ማሳ ለካን፤ አብዛኛው ባትሪ እዚያ አለቀ። እማማ አምሳለች ቤት መብራት የለም። ማታ አስናቀች ያለቁትን ክር እየፈታች መደቡ ላይ ደረደረቻቸው፤ የሞሉትን ከነክራቸው ከረጢቱ ውስጥ ተወቻቸው። ለወንድሞቿ መሬት የሚሆን በቂ ባትሪ ነበር። እማማ አምሳለች ምድጃ ዳር ተቀምጠው ሲያዩዋት ቆዩ።

«አስኑ፣ ይሄ ክር ምንድን ነው?»

«ማተባቸው ነው እማዬ» አለች አስናቀች፤ ደክሟት ነበር፣ ለአጭር መልስ ደግሞ ማንም አይቀድማትም። «ተይኝ በሞቴ፣ እንቅልፌ መጥቷል።»

በማግስቱ ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ማሳው ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ነው። አስናቀች ከረጢቱን ከፈተችና በጎጆው ጭለማ ውስጥ ከላይ ከላይ ያገኘችውን ክር ያለው ባትሪ ዘግና ለእኔ የደረት ኪስና ለራሷ መቀነት አከፋፈለች። «ለእነሱ ቁራሽ መሬት ይሄ ይተርፋል፤ ከረጢቱን ተሸክመህ ወገብህን አትቁረጥ» አለችኝ። አዘነችልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ማሳው ላይ ስንደርስ ሁሉም ተሰብስቧል። አያ የኔሰው የሚባሉ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሃል ቆመዋል። በላቸው ወዲህ፣ ዘመነ ወዲያ፤ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተዋል። እማማ አምሳለችም ዳገቱን እንደምንም ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ታብሌቷ ውስጥ በነበረው ባትሪ የበላቸውን የውጭ ማዕዘኖች መዘገብን። ከዚያ ወደ ክርክሩ መስመር፣ ወደ ወይራው ጉቶ ዞርን። ታብሌቷ እዚያው ጨለመች።

«አያችሁ?» አለ በላቸው ለሽማግሌው። «ውሸቱን መሸከም አቅቷት ጠፋች።»

«የጠፋችውስ አንተ ስትቀርባት ነው!» አለ ዘመነ፤ እሱም ለሽማግሌው።

«ዝም በሉ!» አሉ አያ የኔሰው። «ዕቃ ነው፤ ይበላል፣ ይርበዋል።»

አስናቀች ደረቷን ነፍታ ከመቀነቷ አንድ ባትሪ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ክር አለው። ከተትኩት። ታብሌቷ ብልጭ እንኳ አላለችም። ሌላ ሰጠችኝ። ያው። ከኪሴ አወጣሁ። ያው። የቀረውን ሁሉ ሞከርኩ። ደሜ ፈላ።

«እትዬ አስናቀች! ለእኔ ሬሳ ካላመጣህ እያልሽ፣ አንቺ ራስሽ የሬሳ ሳጥን ነው እንዴ ያሸከምሽኝ?»

ባትሪውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቋጠሮውን ታያለች። የእሷ ቋጠሮ አንድ ጊዜ ሲጎትቱት የሚፈታ ነው። ይሄኛው ግን ሦስት ጊዜ ተደራርቦ የጠበቀ ነው።

«ይሄ የኔ ቋጠሮ አይደለም» አለችና ቀስ ብላ ወደ ድንጋዩ ዞረች። «እማዬ?»

«እኔ ነኝ ያሰርኩላቸው» አሉ እማማ አምሳለች ያለ ምንም ሐሳብ። «ኪዳን ልሄድ ስነሳ ግማሾቹ መደቡ ላይ ባዶ አንገታቸውን ተኝተው አየሁ። ለክርስትና ልጆቼ ያስቀመጥኩት ክር ነበረ፤ አሰርኩላቸውና ከወንድሞቻቸው ጋራ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኳቸው።»

«እማዬ! እኔ እኮ ቀልዴን ነው ማተብ ያልኩሽ!»

«ቀልድሽ ይጠፋኛል? የአባትሽ ልጅ አይደለሽ! ግን የልጆቼ ወሰን ላይ የሚቆም ነገር ባዶ አንገቱን አይሄድም። አስታርቃቸው እያልኩ፣ አንድ በአንድ ስም እየጠራሁ ነው የቋጠርኩት።»

ያን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። «እማማ፣ ባትሪ እኮ ክርስትና አይነሳም!»

አያ የኔሰው ዘወር ብለው ሲያዩኝ ምላሴን ብውጠው ተመኘሁ። እማማ አምሳለች ግን ሳቁ። «አንተስ መች ተነሳህ? ጠዋት ግን መርቄሃለሁ።»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሙሉዎቹ ባትሪዎች ከረጢቱ ሥር፣ ከወንዙ ማዶ ቀርተዋል። ሄዶ ለመመለስ ቀኑ ይጋመሳል፤ ዘመነም እስከዚያ የሚጠብቅ አይመስልም። ነገ ደግሞ ሚካኤል ነው፤ መሬት አይነካም። ዘመነ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዱላውን አነሳ።

«መጥቻለሁ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። በቃ» አለ።

አስናቀችን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ማንንም ባለሙያ በባዶ ባትሪ መስክ ልካ አታውቅም፤ ዛሬ ግን በእናቷ ፊት፣ በወንድሞቿ ማሳ ላይ ከዳኋቸው ብላ አለቀሰች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ሄዳ የዘመነን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች።

«ቁጭ በል!»

«ልቀቂኝ አስኑ።»

«ቁጭ በል አልኩህ። ብብትህን ስጠኝ።»

«ምኔን?»

«ብብትህን! ያለቀ ባትሪ ብርድ ላይ ሲያድር ጭራሽ ይተኛል። ሲሞቀው የተረፈችውን ጭላጭ ይሰጣል። ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ማዕዘን፣ ለሁለት ማዕዘን ትበቃለች። እኛ ስንት ብብት አለን?»

እየዞረች አደለች። ለእኔ ሁለት፣ ለራሷ ሁለት፣ ለአያ የኔሰው ሁለት። አያ የኔሰው «በስተርጅና!» እያሉ ከተቱ። በላቸውም ታላቅነቱን አስታውሶ ትንሽ ካመነታ በኋላ ተቀበለ። ዘመነ ግን የተሰጠውን እጁ ላይ ይዞ ቆሞ ቀረ።

«ዘመነ» አሉ እናቱ። «የያዝከውን ባትሪ ስምህን ጠርቼ ነው ያሰርኩት። ትጥለው እንደሆነ ጣለው።»

የትኛው የማን እንደሆነ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ዘመነ ግን ከተተው።

ሁላችንም ድንበሩ ላይ፣ ፊታችንን ወደ ፀሐይ አዙረን ተደርድረን ተቀመጥን። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ በላቸው ስለ ጉቶው ወቀሳ ጀመረ፤ «ይሄ ሰውዬ» ሲል እጁን ሊያወናጭፍ ፈለገና አስናቀች «ባትሪው!» ብላ ጮኸችበት። እጁ ተመልሶ ተጣበቀ። ዘመነ ሊመልስለት ተነሳ፤ እሱም ዱላውን ማንሳት አቃተው። ክንፋቸው እንደታሰረ ዶሮዎች ትከሻቸውን ብቻ እያነሱ ይፋጠጣሉ። አያ የኔሰው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ እኔ። ከዚያ ዘመነ የወንድሙን ትከሻ እያየ ፊቱን አዞረ፤ ጀርባው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየነው።

«ይሞቅልሃል?» አለ በላቸው፣ ዓይኑን ከዳገቱ ላይ ሳያነሳ።

«በመጠኑ። ያንተስ?»

«ጥሩ ነው።»

ከአባታቸው ቀብር ወዲህ አንዱ ለሌላው የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። እማማ አምሳለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰማዩን ያያሉ። አስናቀች እንዳልተነፍስ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ እኔም ባትሪዬን ልጥል ነበር።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። የአያ የኔሰው ባትሪዎች ተራ በተራ ገቡ፤ አንድ ማዕዘን መዝግበው ጠፉ። «እሰይ!» አሉ፣ ልጅ የዳሩ ያህል። የእኔ አንድ ማዕዘን፣ የአስናቀች ሁለት። እየሮጥን እንከታለን፣ እየሮጥን እናወጣለን። በመጨረሻ የወይራው ጉቶ ብቻ ቀረ። የወንድማማቾቹም ባትሪ።

የበላቸውን ከተትኩ። ታብሌቷ ተነሳች፣ ካርታው ተገለጠ፣ ልጫን ስል ጨለመ። የበላቸው ፊት አብሮ ጨለመ።

የዘመነን ከተትኩ። በራ። ምልክቱ ቀይ ነው። «የቱ ጋ ነው? ቶሎ በሉ!»

በላቸው ለወትሮው ክርክሩ አፉን ከፈተ። ዘመነ ዘሎ ጉቶው ላይ ወጣና በእግሩ መሃሉን ረገጠ።

«እዚህ! መሃሉ ላይ! እዚህ ነው በል በላቸው፣ ባትሪዬ ሳይሞት!»

«እዚህ ነው!» አለ በላቸው። «እዚህ ነው አልኩ፣ ምን ትጠብቃለህ አንተ ሰውዬ!»

ተጫንኩ። «ተመዝግቧል» አለች ታብሌቷ። ከዚያ ጠፋች።

ቢቸና ከተመለስን በኋላ አስናቀች ክር መጠቀም ተወች። አሁን የጎማ ላስቲክ ነው የምታደርግላቸው፤ «ላስቲክ ማንም አይባርከውም» ትላለች። የእናቷን ቋጠሮ ግን ከአንዱም ባትሪ ላይ አልፈታችም፤ ስለዚህ እነዚያን ሙሉ ይሁኑ ባዶ ለማወቅ እያንዳንዱን ታብሌት ውስጥ ከትታ ታያለች፣ እኛም በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ዘመነ አልፎ አልፎ ይደውልላት ነበር። «ያ ባትሪዬ እንዴት ነው?» ይላታል። አንድ ቀን ጨፈረ አለችው። አዘነ። የበላቸው ባትሪ ገና ደህና መሆኑን ስትነግረው ደግሞ ቀና፤ «እሱ ድሮም ሰውነቱ ሙቀት አለው» አለ። አዲሶቹ ባትሪዎች ሲመጡ አሮጌዎቹ ሁሉ ከነክራቸው ተሸኙ።

ዘንድሮ፣ እንደ አምናው ውርጩ ሲገባ፣ እማማ አምሳለች አረፉ። እኔና አስናቀች ጠዋት ቀብር ልንደርስ ከሞጣ ወደ መንደሩ ወጣን። መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ነበር። ከወንዙ በላይ መንደሩ የሚገለጥበት ጠመዝማዛ ጋ ስንደርስ ቆመች። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች።

«አንተ እይልኝ» አለችኝ። «ስንት ነው?»

አየሁ። «አንድ ነው እትዬ።»

«ደግመህ እይ።»

ደግሜ አየሁ። አንድ ድንኳን ነው። በሩ ላይ በላቸውና ዘመነ፣ ከብርዱ የተነሳ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቁናል።